አርባ ሦስት ብር

ኮምቦልቻ፣ ከብየዳው ጀርባ፣ ክፍል ቁጥር ሰባት፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በደመወዝ ቆሜበት
«ሥራ ፈጠራ» አስተማርሁ፤
ትርፍን በቀይ ጠመኔ፣ ኪሳራን በነጭ ጻፍሁ።
ከፋብሪካው በኩል የሚመጣ ንፋስ መጽሐፌን ቢገልጠውም ገጹን፣
ግድ የለኝም፤ በቃሌ ነው የማውቀው አንቀጹን።

«ገበያ ማለት» አልሁ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣
«ፍላጎትና አቅርቦት...» ሳልጨርስ ተነሣች በድንገት
ጦይባ እንድሪስ፣ የገርባ ልጅ፣
የቆዳ ሥራ ተማሪ፣ ሰም ያጠቆረው እጅ፦
«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥያቄው ቢከብድም፣
እርስዎ ሸጠው ያውቃሉ? አንድ ቀን? መርፌም?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ፤
ጠመኔው ጣቴ ላይ ደቀቀ።
አባቴ የወረዳ ጸሐፊ ነበር፤
«ነጋዴ ከምትሆን ተማር» የሚል፣ ምክሩ የሚከበር።
እኔም ተማርሁ።
ተምሬም፣ ነጋዴ መሆንን አስተማርሁ።

«አልሸጥሁም» አልኋት። ቃሉ ቀሎኝ ወጣ።
«እንግዲያው ሰኞ ባቲ! ደብተር ያለው ይቅር፣ ብር ያለው ይምጣ።»

ወረድን፣ ሃያ ሆነን፣ በአንድ ቅጥቅጥ ታጭቀን፣
ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ጆሯችን እስኪደፈን።
አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፤ አንድ ዋጋ በሦስት አፍ ይጠራል፤
ግመል ከላይ ሆኖ ሁሉን ይታዘባል።

ለየራስ ሁለት መቶ ብር። የእኔ ከደመወዜ፣
ሎሚ ገዛሁበት፣ በተጠራልኝ ዋጋ፣ በድንጋዜ።
ሳልከራከር ስከፍል ሻጩ ደነገጠ፤
ምነው ጨምሬ በጠራሁ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።
አንዲት ሴት ፊቴ ቆማ «ስንት ነው?» አለች፤
«አማካይ የገበያ ዋጋው...» ብዬ ስጀምር ሄደች።

ጦይባ ከማዶ ነበረች። ከቆዳ ፋብሪካው የተረፈ ቁርጥራጭ
ሰፍታ፣ በስታ፣ ማንገቻና ማሰሪያ አድርጋ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ።
ዋጋ አትጣራም። አላፊውን «ያንተ የት ላይ ይቆርጥሃል?» ትላለች፤
ቋንቋው ሲያጥራት በጣቷ ታሳያለች።
አንድ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የኮዳ ማንገቻውን ፈትቶ አሳያት፣
ትከሻው የተላጠበትን፣ ገመዱ የተቋጠረበትን፣ ስንቴ እንደበጠሰበት።
አዲሱን ለካው። አወለቀው። ደግሞ ለካው። ከፈለ።
«የሚመጣው ሰኞ ወንድሜን ይዤው እመጣለሁ» አለ።

የገበያ ጥናት! ከገጽ ሠላሳ እስከ ገጽ ስልሳ
ያስተማርሁት ምዕራፍ፣ ከአንድ ሽማግሌ ትከሻ ሲነሣ!

ስድስት ልጆች አተረፉ። ሙሄ ጫት ገዝቶ ቃመበት፤
በሂሳብ አላስገባነውም፤ እሱም አልተከራከረበት።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሎሚዬ ጠወለገ፤
አንድ ሻይ ቤት አነሣልኝ፤ ንግድ አይሉት፣ ጽድቅ አደረገ።

ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ በነጭ ጻፍሁ፦
«መምህር። ሎሚ። ኪሳራ፣ አርባ ሦስት ብር።»
ማንም አልሳቀም። ገልብጡ ሳልላቸው
ዐሥራ ዘጠኝ እስክሪብቶ ሲሮጥ ይሰማ ነበር።
ዲኑ በኮሪደሩ ሲያልፍ በመስኮት አየ፤
«ይኼ የትኛው ሞጁል ነው?» አለ፤ መልስ ሲጠብቅ ቆየ።
አልመለስሁለትም።

ጦይባ እጇን አወጣች፦ «ከግመሎቹ ጎን እኮ ጥላ ነበረ፣ ለሎሚው፤
ሰው የሚያርፈው እዚያ ነው፤ የሚጠማውም እዚያው ነው።»

ጠመኔውን ሰጠኋት። ወደ ሰሌዳው ወጣች።
ሄጄ ቦታዋ ተቀመጥሁ። አግዳሚዋ ገና ሙቅ ነበረች።