ሦስት ሰከንድ

ቅዳሜ ከቀትር፣ አውቶቡስ በሌለበት፣
የናዲም ታክሲ ይቆማል፣ ከቤታችን ራቅ ብሎ፣ ከተዘጋው ዳቦ ቤት፤
ሞተሩን አጥፍቶ፣ አባቴ እንዳይሰማበት።
ሰንበት ነው። ክብሪት አይጫርም፣ ምድጃ አይነድ፤
እኔ ደግሞ ሃያ ሞተር በምላሴ ላቀጣጥል
ከራምላ ሾልኬ ስሄድ።

ሄርዝሊያ። ምድር ቤት። መስኮት የሌለው ክፍል፤
አንድ ማይክ፣ ማር የተበጠበጠበት ብርጭቆ፣
አንድ ወንበር፣ ወደ ግራ የሚዘነብል።
ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም።
ሞናኮን አየሁት፣ ሱዙካን አየሁት፤
የጎማ ጭስ ግን አላሸተትሁም።
መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝ! ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ወደቅሁ፤
በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ግን፣
ሶፋ ላይ የተጋደመ አገር ጭኜ፣ ስንቱን ኩርባ ታጠፍሁ።

"ቃል ትመርጣለህ" ይለኛል ሩቪክ፣ አለቃዬ፣
"ሩጫ ነው እንጂ ሸንጎ አይደለም!" ሲጮኽ በጆሮዬ።
እውነቱን ነው። ዕብራይስጤ ሲቸኩል ይሰናከላል፤
ስለዚህ ቀድሜ አያለሁ፤
ጎማው ሳይከዳ፣ የነጂው ትከሻ ይናገራል።

ያን ዕለት እዚያ ማዶ ዝናብ፣ እኛ ጋ የሐምሌ ፀሐይ፤
የዴንማርኩ ልጅ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣
ከኩርባው ሲወጣ ተንሸራተተ፤
አንድ ጎማ ብቻውን ሄደ፣ ወደ ላይ።
ምስሉ ከእኛ ተነሥቶ ሳሎን እስኪገባ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤
ያን ያህል ጊዜ፣ በዚህ አገር፣
እኔና ሩቪክ ብቻ እናውቃለን። ማይኩ በርቷል።

"ተናገር!" አለ ሩቪክ። "ተናገር፣ ምን ሆነህ?"
እኛ ቤት መርዶ እንዲህ አይወረወርም፤
ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ጠርተህ፣
በሩን በጣትህ ጫፍ አንኳኩተህ፣
መጀመሪያ "ተቀመጪ" ብለህ።
እናቱ ዕብራይስጥ አትሰማም፤ አውቃለሁ።
ቢሆንም ዝም አልሁ።
አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።
ዝናቡ ብቻ አወራ፣ በብረቱ አጥር ላይ።

በኋላ ሁለት ውድድር ከለከሉኝ፤ ይሁን።

ማታ፣ ሰንበት ሲሸኝ፣ ቤት ገባሁ።
አባቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤
በዚያ ወገን የማዳም ሱሊካ ቴሌቪዥን
ከዓርብ ጀምሮ እንደበራ ይውላል።
አንድ ቀን አንሥቶልኝ አያውቅም፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ታክሲው።
"ቋንቋው አይገባኝም" አለኝ፣
"ግን በየሰንበቱ እሰማሃለሁ፤ እንደ ወፍጮ ነው የምትፈጨው።"
ጫማዬን ሳላወልቅ ጠበቅሁ።

"ዛሬ ዝም አልህ" አለ።
"ማን ሞተ?"