በሲባጎ የታሰረች ደብተር

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣
ሰው አይራመድም፤ ይንከባለላል እንጂ እንደ ባዶ ጣሳ።
ስለዚህ በጸደይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ይዘረጋል፤
አንዱ የለቀቀውን፣ ከኋላው የሚመጣ በመዳፉ ይፈልጋል።

እኛም ራጅ ክፍል፣ ከሲቲው መስኮት ሥር፣
አለችን ደብተር፣ በሲባጎ የምትታሰር፣
በሰባት ሰው ብዕር የተዥጎረጎረች፣
በአልትራሳውንድ ጄል ጥግ ጥጓ የከረረች።

ቁጥር የላት፣ ማኅተም የላት፣ አለቃም አያውቃት።
«ለትንሽ ልጅ ‹ትንፋሽህን ያዝ› አትበሉ፤
‹ሻማ እፍ ልትል ነው፣ አየር ሳብ› በሉት፤ ይገባዋል ቃሉ።»
«አንገተ አጭር ሰው ትከሻው ከሸፈነው፣
አሸዋ ከረጢት በሁለት እጁ አሲዙት፤ ከወደቀ ግን ክልክል ነው።»
«ሁለት ቁጥር ማሽን ሌሊት ሲያጉረመርም አትደንግጡ፤
በሩን ደግማችሁ ዝጉ፣ ስደቡትም፣ ከዚያ ተቀመጡ።»

እኔ ሚሌንካ ነኝ። ያን ጊዜ ደብተሯን አልነካም ነበር።
የጉልበቱን ልክ፣ የጨረሩን መጠን፣ በብጣሽ ወረቀት፣
ኪሴ ውስጥ አጥፌ ያዝሁት፣ እንደ ክታብ፣ እንደ ድብቅ ሀብት።
«ያለ እርሷ አይሆንም» እንዲሉኝ ነበረ ምኞቴ፤
አሉኝም። ሆነልኝ። በዕረፍት ቀኔ ሳይቀር ተጠራሁ ከቤቴ።

ኦቪዲዮ ማንሲያ ግን፣ የክፍሉ አንጋፋ፣
ጡረታው ሲቃረብ አንድ ገጽ ጻፈ፣ ሳያሳንስ ሳያፋፋ፤
የራሱን ስህተት።
«በግ ሸላች ነበረ። የሚጥል በሽታ ጥሎት መጣ፣ ትከሻዬን እያለ።
ከፊት ብቻ አነሣሁት፤ ሐኪሙ ‹ደኅና ነው› አለ፤
እኔም ‹ከጎን ልድገመው?› ብዬ አልጠየቅሁ፤
በሦስተኛው ሳምንት ክንዱ አልዞር ብሎ ሲመለስ ነው ያወቅሁ።
የክንዱ አጥንት ራስ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣
ፊት ለፊት ሲያዩት አምፖል ይመስላል፣ ክብ ሆኖ፣ በርቶ።
አምፖል ካያችሁ አትመኑት። በብብት በኩል አንሡ፤
የዚያ ሰው መቀስ ዝጎ ቀርቷል፤ እባካችሁ አትርሱ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤
ስህተቱን የደበቀ ግን፣ በሽታው ለሌላ ይተርፋል እንጂ ከእርሱ ጋር አይቀበርም።

ከዚያ በአንድ ሌሊት፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያላጋ፣
ናያዴት ካርካሞ፣ ስድስት ወር ያልሞላት፣ ብቻዋን ስታነጋ፣
ሸርጣን አጥማጅ አመጡ፤ ጀልባው ላይ ኤሌክትሪክ ያንዘፈዘፈው፣
ክንዱን ደረቱ ላይ እንደ ጨቅላ ያቀፈው።
ምስሉ ወጣ። ወጣቱ ሐኪም በስልክ «ይሂድ» አለ።
እርሷን ግን ከነከናት፤ እዚያ፣ ትከሻው ላይ፣ የሆነ ክብ ነገር አለ።
ነፋስ እንደ ያዘው መንገደኛ ሲባጎውን ዳበሰች በእጇ፤
ሽማግሌው ቤቱ ተኝቷል፤ ፊደሉ ነው የቆመላት ከደጇ።
«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ብላ፣
ክንዱን በቀስታ፣ ጣት በጣት፣ ከጎኑ አግልላ፣
በብብት አነሣችው።
                    ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር።
ሲነጋ፣ አጥንቱ ቦታው ገብቶ፣ አጥማጁ በደኅናው እጁ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ጠዋት ስገባ፣ ከኦቪዲዮ ገጽ ግርጌ፣ በአረንጓዴ ቀለም፣
«ሁለተኛው ሰው» ብላ ጽፋለች፤ ሌላ ቃል የለም።
ኮቴን ሳልሰቅል ቆምሁ። ኪሴ ውስጥ ያች ብጣሽ፣ ያች የኔ እጥፍ፣
ከላብ፣ ከእጥበት፣ ግማሿ ጠፍቷል፤ ስንት ዓመት ትሰንብት በጨርቅ ስትተሻሽ፣ ስትጎርፍ?
የቀረውን መገልበጥ ጀመርሁ፤ የጠፋውን ናያዴትን ጠየቅሁ፤
ለካ ራሷ ደርሳበት ኖሯል፤ ሦስት ወር ፈጅቶባት፤ እያየኋት ዝም ያልሁ።

ምንም አላለችኝ።
ብዕሯን አቀበለችኝ፣
አረንጓዴውን።