የድንጋዩ ጀርባ

ከሰርቦ አለፍ ብሎ፣ ግራ እጅ ካለው ቦይ፣
አባቴ በዓመት ሁለቴ ኖራ የሚያጠጣው ድንጋይ፤
ፊቱ ላይ በጥቁር ቀለም፦ ሦስት መቶ ሠላሳ፤
ጀርባው ግን ባዶ ነበር፣ ሣር ያለበሰው ጠባሳ።

የአውራ ጎዳና ሰው ነበር ሸረፋ፤ ይዞታው ዐሥር ኪሎ ሜትር መሬት፣
አንድ አካፋ፣ አንድ ባልዲ፣ ደሞዝ በዘገየ ቁጥር ሱቅ የሚጻፍበት።

ስለ መንገዱ ስጠይቀው፣
ከሰው አይጀምርም፤ «መጀመሪያ በቅሎ ነች» ነው የሚለው።
«ካርታ የላት፣ መሐንዲስ የላት፣ ውኃ ያለበትን አሽትታ፣
ዳገቱን በሰያፍ ቆረጠችው፣ ቁልቁለቱን በእፎይታ።
ነጋዴው ጅራቷን ተከተለ። አሞሌ ወደ ሂርማታ ወጣ፤
ቡናና ዝባድ ወረደ፤ ኬላ ላይ የቆመም የድርሻውን አጣ ወይ? አላጣ።»

ቀጥሎ ጣሊያን። ገመድ ዘረጋ፣ ዐለቱን በድማሚት ፈታ፤
አያቴ ጠጠር ፈልጧል፣ ከጎህ እስከ ማታ።
ግቤ በረሃ ወባ ያስቀራቸው ስንት ነበሩ?
ድልድዩ ላይ ዓመተ ምሕረት አለ።
ስም የለም።

ከዚያ የንጉሡ ግሬደር፤ ከዚያ የደርግ ኦራል፣
አንድ ሌሊት መብራቱን አጥፍቶ አጎቴን ጭኖ ያለፈው።
እዚህ ሲደርስ አባቴ ዝም ይላል፤
ንጹሑን አካፋ በእጅጌው ይጠርጋል፤
«ከሰኮሩ ወዲያ የሆነውን መንገዱ ያውቃል» ይላል።

አዲሱ አስፋልት ሲመጣ ዶዘሩ ድንጋዩን ነቀለው፤
በምትኩ የሚያበራ ቆርቆሮ ተከሉና ቦዩ ውስጥ ጣሉት፣ ያንን ነጭ ሽማግሌ።
አባቴ ጡረታ ከወጣ ሦስት ወሩ ነበር።
የጎረቤታችንን የሙዘይንን በቅሎ ተዋሰ፤
በጠፍር አስሮ፣ በአስፋልቱ ዳር በዳር፣
እያስጎተተ፣ እየቆመ፣ እያላበው፣ ሲመሽ ደጃችን ደረሰ።

ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተከለው።
ባዶውን ጀርባ ኖራ ቀባ፤ በጥቁር ቀለም ክብ ሠራበት።
«እንቁላል ነው?» አለች እናቴ።
«ዜሮ ነው።
ሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ ይቆጥራል።
አዲስ አበባም'ኮ ከዚህ ሩቅ ነው።»

አሁን በሌሊት ከጅማ መናኸሪያ ስሳፈር፣
ረዳቱ መጋረጃ ሲስብ፣ ሾፌሩ በጫት ጉንጩ ሲያንጎራጉር፣
ሰርቦ ላይ ዜሮ እላለሁ፣ ለራሴ፣ ከንፈሬ ሳይሰማ፤
አሰንዳቦ ሠላሳ ምናምን። ደነባ። ሰኮሩ።
ሰኮሩ ላይ ቁጥሩን አቆማለሁ፣
መስኮቱ ላይ ጉም አለ፣
ትንሽ ቆይቼ እቀጥላለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ከበደ፤ ክቡ ከግማሽ በላይ ረግፏል።
አባቴ ጎንበስ ማለት አይችልም፤ በብትሩ ያሳየኛል፦
«እዚህ ጋ። እዚህ ጋም።»
ለአረፋ ስመጣ ኖራ ይዤ እመጣለሁ፤
ብሩሹ አለው።