አምስት በአምስት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቫልፓራይሶ ላይ፣
ጉም ከባሕር ወጥቶ ኮረብታው ሳይታይ፣
ሰሌዳዬን ይዤ፣ ቅጼን አንጠልጥዬ
ክፍል ለክፍል ዞርኩ፣ «ምን ያሰጋል?» ብዬ።

ቅጹ ሠንጠረዥ ነው፣ አምስት በአምስት ቤት፤
በአንድ ጎን «ስንት ጊዜ»፣ በአንዱ «ምን ያህል ጉዳት»።
ሁለቱን አባዝቼ ቀለም እቀባለሁ፤
ቀይ ከሆነ እሮጣለሁ፣
አረንጓዴ ከሆነ ፈርሜ አልፋለሁ።

ምድር ቤት፣ እጥበት ክፍል፣ ኤርሜሊንዳ አለች፤
ከአንሶላ ክምር ጋር ሃያ ዓመት የታገለች።
ጓንቷን አውልቃ አሳየችኝ፣ አውራ ጣቷ ላይ
ነጥብ፣ የመርፌ ነጥብ፣ ካልጠቆሙት የማይታይ።
«ማን ረስቶት እንደሆን ከጨርቅ ውስጥ አገኘኝ፤
ስንት ጊዜ አትበይኝ፣ መቁጠሩ ሰለቸኝ።»
«ሪፖርት አደረግሽ?» ሳቀች። «ለማን ብዬ?
ሦስት ሰዓት ልሰለፍ፣ ማሽኖቼን ጥዬ?»

ደረጃው ላይ አንድ ተለማማጅ ሐኪም
(ሠላሳ ሰዓቱ ነው፣ ዐይኑን አልከደነም)
ቅጼን አጮልቆ አየና፣ «የእንቅልፍ ዓምድ የለም?»
የለም።

አራተኛ ፎቅ ላይ ኖልቤርቶ ጎንበስ ብሎ
መቶ ዐሥር ኪሎ ሰው ያገላብጣል ታግሎ፣
ብቻውን። ማንሻው ጥግ ቆሟል፣ ቀበቶው ተበጥሶ፣
ከመጋቢት ወዲህ አቧራውን ለብሶ።
«ወገብህስ?» አልኩት። «እሱማ የግሌ፤
ንብረት ክፍል አይቆጥረው፣ አልሰፈረ በውሌ።»

ድንገተኛ ክፍል። የያስና ጉንጭ ቀልቷል፤
ሰክሮ የመጣ ሰው መርፌ ስትወጋው መትቷል።
«አትጻፊው» አለችኝ፣ «ጎረቤቴ እኮ ነው፤
ነገ ደረጃው ላይ ሰላም የምለው።»

ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፣ የዓመቱን መዝገብ ገለጥኩ።
መርፌ፦ ዜሮ። ወገብ፦ ዜሮ። ቡጢ፦ ዜሮ።
ዜሮ በምንም ቢባዛ ያው ዜሮ፤
ዝም ያለ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል፣ ወረቀት ላይ አምሮ።
ሆስፒታሉ ለምለም መስክ ይመስላል፣
በሬ ቢለቁበት ጠግቦ ይውላል።

ብዕሬ ወደቀ። ላነሣ ጎንበስ ስል፣
ከአከርካሪዬ ሥር አንድ ነገር ቀጭ ሲል…
ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ነርስ ነበርኩ ያን ጊዜ፤
እርጥብ ኮሪደር ላይ፣ የደም ከረጢት ይዤ
ተንሸራተትኩ። ከረጢቱን አልለቀቅኩም።
ደሙ ተረፈ ብዬ ተደሰትኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከቅጹ አናት ላይ፣ ከሁሉም በፊት፣
ጻፍኩት፦ ቀን፣ ፎቅ፣ ሰዓት፤
«ወለሉ ርሶ ነበር፤ ምልክት አልቆመም፤
ተጎጂዋ እኔ ነኝ፤ ወገቤ አልታከመም።»

ያስና ከኋላዬ ቆማ ታነባለች።
በረዶ የቋጠረውን ጨርቅ ከጉንጯ አነሣች።
«ስሙን ተይው» አለች፣ «ሰዓቱን ግን ጻፊ፤
ስምንት ከሩብ ነበር፣ ሩቡን እንዳታልፊ።»

ጻፍኩ።
አንዷ ቤት ቢጫ ሆነች።