ከመሬት የሚነሣ

ላሆር ውስጥ፥ ኡርዱ ባዛር፥ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ማራገቢያው ቆሞ፥ መብራቱ ሲሰረቅ፣
ነዋዚሽ የሚሉት አዛውንት ጸሐፊ፣
በወር ደመወዝ ያደረ የእንግሊዝኛ ቃል ዘራፊ፣
ካርድ አገላብጦ ብዕሩን አቆመ፤
ኤስ ፊደል ላይ ደርሶ እጁ ደከመ።
አንድ ቃል ተቀምጧል፥ እንደ እንግዳ፥ ማዶ፤
«ስክሪፕቸር» ይላል፤ አጠገቡ ባዶ።

«ሳሂፋ» ብሎ ጀመረ። ቅጠል ነው፥ ገጽ ነው፣
ለጥንት ነቢያት በጥቂት በጥቂቱ የወረደው።
(ይህን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ቆመብኝ፤
«ጸሐፈ» የሚል ግስ ከሩቅ የጠራኝ መሰለኝ፤
ማን ያውቃል፥ በጀልባ፥ በጨው ነጋዴ አፍ፣
ባሕሩን ተሻግሮ ሄዶ እንደሁ ሊጻፍ።)

«ነዊሽታ» ቀጠለ። የተጻፈ ማለት፤
ግን ሰው ግንባሩ ላይ ያለች ዕጣም ናት።
ሚስቱ የሞተች ለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ
«ነዊሽታ ነው፥ ቻለው» ነበር የሚሉ።
አልቻለውም። ሰረዘው።

«ኪታብ-ኤ-ሙቀደስ»። ይሄስ ምሉዕ ነው፣
ግን ካባ እንደ ደረበ ዳኛ አስፈራው።
(እኛ ዘንድ ክታብ ትንሽ ነው፥ በቆዳ ተሰፍቶ፣
ሕፃን አንገት ላይ የሚያድር፥ ከላብ ጋር ተስማምቶ።)
«ለሂንዱው ሻስተርስ? ለሲኩ ግረንትስ?
ያለኝ አንድ ካርድ ነው፤ ማንን ላስገባ፥ ማንን ልመልስ?»

በመስኮት ቁልቁል አየ። ከፍሳሹ አፍ፣
ኢናያት መሲህ ቆሟል፥ መጥረጊያውን ሲያሳርፍ።
ፊደል አይለይም።
አንድ ብጣሽ አነሣ፥ ጭቃውን ጠረገ፣
በእጅጌው ዳበሰው፥ ወደ ላይ ከፍ አደረገ፣
ምሰሶው ላይ ከተሰቀለ አረንጓዴ ሣጥን
ከተተው፥ ቀስ ብሎ፥ እንደሚያስተኛ ሕፃን።

ነዋዚሽ ወረደ፥ ጉልበቱ እየተንቋቋ።
«ምንድን ነው ያነሣኸው?»
«እንጃ።»
«የስኳር ደረሰኝ ቢሆንስ?»
«ይሆናል፥ ጌታዬ።
ስም ግን አይጠፋውም። የሰው ስም ውስጥ ደግሞ
የማን ስም እንደሚያድር ማን ያውቃል ቀድሞ?
የእናንተ ይሁን የኛ፥ በምን እለያለሁ?
ጭቃ ላይ ካየሁት ጎንበስ እላለሁ።»

ወጣ። መብራት አልመጣም። በጨለማው ጻፈ፦
«ስክሪፕቸር፥ ስም። ሰው ከመሬት የሚያነሣው፤
ማንበብ ባይችል እንኳ የማይረግጠው።»

በሳምንቱ አርታኢዋ፥ ወይዘሮ ዛርጉና፣
ቀይ ብዕር አወጣች መነጽሯን አቅንታ፥ አቃንታ ደግሞ እንደገና።
«ውብ ነው፥ ኡስታድ፤ የመዝገበ ቃላት ፍቺ ግን አይደለም።»
«ሳሂፋ» ጻፈች፥ ነጠላ ሰረዝ፥ «ነዊሽታ»፥ ሌላም።
አልተከራከራትም። ሻዩን ጠጣ።
ልክ ነበረች ደግሞ።

ካርዱ ከቅርጫት ወጣ፥ ከቅርጫቱ ወደ ጆንያ፣
ከጆንያው አፍ ነፋስ ነጠቀው፥ ጣለው ከዚያ ወዲያ።
ኢናያት አገኘው። ዘቅዝቆ ይዞ አየ።
ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቷል፤
ቁልፉን የያዘው ሰው ከመጣ ቆየ።
አጠፈው። አንዴ፥ ሁለቴ። ከደረት ኪሱ ውስጥ፣
ከሲጋራው ጋር፥ ከአውቶቡስ ቲኬቱ ጋር አኖረው፤
መጥረጊያውን አነሣ።