ፊቱ ያልታየው

ፋሲል ግቢ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣
ሙሽራ አቆም ነበር ካሜራዬን ተሸክሜ።
ያው ደረጃ፣ ያው እቅፍ አበባ፤ አንዱ ወርዶ አንዱ ይተካል፤
የአንዷ ቬሎ ጫፍ የሌላዋን ተረከዝ ይነካል።
«ቀኝ ትከሻ ዝቅ፣ አገጭ ቀና፣ አሁን ሳቅ!»
ድንጋዩ ራሱ ለምዶ ነበር፣ እኔ ስመጣ መሳቅ።

ጋሽ ውባንተ፣ የስቱዲዮው ጌታ፣
ሕጉ አጭር ነበር፣ እንደ መዶሻ የሚመታ፤
«ፊት ካልታየ ፎቶ አይደለም፤
ለጨለማ የሚከፍል ደንበኛ የለም።»

እኔ ግን ከልጅነቴ አንድ አመል ነበረብኝ፤
አጎቴ ፒያሳ ሲኒማ ሲወስደኝ፣ ሸራው አልነበረም የሚስበኝ።
ጀርባዬን ለፊልሙ ሰጥቼ፣ ወንበሬ ላይ ተንበርክኬ፣
ሰው አይ ነበር፣ በአገጬ መደገፊያውን ታክኬ።
ሰማያዊ ብርሃን ግንባር ላይ ወርዶ አፍንጫ ላይ ሲሰበር፣
የአውቶ ፓርኮው ተራ አስከባሪ፣ ያ ሰው የሚሸሸው፣ ያለቅስ ነበር።
መብራት ሲበራ ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ፣ ሾፌር እየሰደበ፤
ያንን ፊቱን ከእኔ በቀር ማን አነበበ?

ያንን ብርሃን ፍለጋ ስንት ሌንስ ቀየርኩ፣ ስንት ብር ተበደርኩ፤
በመጨረሻ ከግንቡ ጥላ ተማርኩ።
የቀትር ፀሐይ ሐሜተኛ ናት፤ የያዘችውን ትዘረግፋለች፤
የአሥራ አንድ ሰዓቷ ግን ታውቃለች፣
የቱን ተናግራ የቱን እንደምትውጥ፣
በግንቡ ጥርስ መሃል ሾልካ ወደ ቀሃ ስታመልጥ።

ማታ ማታ ምስሎቹን እንደ ድምፅ አልባ ፊልም ተራ በተራ አይ ነበር፤
«ከዚህ በፊት ምን ተባለ? ቀጥሎስ?» እል ነበር።
ፈገግታው ሁሉ ዝም።

የጥሩአለም ሠርግ ማታ፣ ድንኳኑ ውስጥ መብራት ሄደ።
ሁሉም ስልኩን አብርቶ ወደ ሙሽሮቹ ነጎደ።
አባቷ ብቻ፣ አያ እንዳላማው፣
ጓዳው በር ላይ ዘወር ብሎ፣ ብርዱ ሳይሰማው፣
የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይቆልፋል፤
ምርቃቱን በጣቱ ያጠናል መሰለኝ፤ መሃል ላይ ቃል ይገድፋል።
ውጪ ባጃጅ ዞረ።
መብራቱ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብቶ ትከሻው ላይ አደረ፣
ለአንድ ትንፋሽ።
ጣቴ ቀደመኝ።

ማክሰኞ ወይዘሮ እናኑ ለአልበም ሊመርጡ መጡ፤
አንዷ ላይ ሲደርሱ ተቆጡ፤
«ይሄ ምንድን ነው? ለጀርባ ነው የከፈልነው?»
ጋሽ ውባንተ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ሰረዝኩት። ካርዱ ለቅዳሜ ባዶ መሆን ነበረበት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሐምሌ ላይ፣ ጥቁር ለብሰው፣
ጃንጥላቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣
«ያቺን ፎቶ» አሉኝ፣ «ፊቱ ያልታየባትን፤
ሌላው ላይ ሁሉ የሳቀው ለሰው ነው። እሷ ላይ ግን እሱ ነው፤ የኛው፣ የቤታችን።»
«ፈልጌ አጣሁት» አልኩ።
ውሸት። መች ፈለግሁ?
የት እንዳለ አላውቅም ነበር? የትም።

ዛሬም ቅዳሜ ግቢው ይሞላል፤ ዛሬም ካሜራዬን እይዛለሁ፤
ሳቁ ማለት ግን ትቻለሁ።
ከፍሬሜ ሩቡን ለጨለማ አከራያለሁ፤ ኪራዩን ሳያዘገይ ይከፍለኛል፤
አንዳንዱ ደንበኛ ይሸሸኛል፤
ወጣቶቹ «ስልትህን ከየት አመጣኸው?» ይሉኛል።
«ከሌንሱ ነው» እላለሁ።

ጋሽ ውባንተም አርጅቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ጨለማው በዛ» ይለኛል፤ ያትመዋል ግን፣ ቀለሙን ሳይሰስት፣ አይቶ፣ ዝም ብሎ።

አሁን፣ እዚያ ማዶ፣ አንድ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ተነጥሎ፣
የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል፣ አንገቱን ጥሎ።
አልጠራውም።
መሽቷል። ብርሃኑ ከትከሻው አንድ ክንድ ይጎድላል።
ከታች ባጃጅ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል።
እስኪዞር እጠብቃለሁ።