የቁልፍ ሱቅ

ጌንት ውስጥ፣ ከትራሙ ማቆሚያ ፊት ለፊት፣ ቁልፍ እሸጣለሁ፤
የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የቀንድ፣ የዛጎል፤ ሁሉን በጣቴ አውቀዋለሁ።
መሳቢያው መቶ አርባ ነው፤ መብራት ቢጠፋም እጄ አይስትም።
ከማዳም ጎደሊቭ የገዛሁት ሱቅ ነው፤ ስሟን ከመስታወቱ አልፋቅሁትም።

በሩ አናት ላይ የእሷው ቃጭል አለች፤
ሰው በገባ ቁጥር «ቅጭል» ትላለች።
እንዲህ ነበር የኖርነው፤ ቅጭል፣ ቀና ማለት፣ ሰላምታ፤
ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ፣ ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ላንዳፍታ።

ስለ ቅዳሜው አልናገርም። ጋዜጣው ተናግሯል።
ትራሙ ከነሰው ቆሟል፤ የጎደሊቭ ስም ወለሉ ላይ ተሰባብሮ አድሯል፤
መቶ አርባው መሳቢያ ተገልብጦ ቁልፉ ሁሉ ተደባልቋል፤
ለቅሞ መለየት አሥራ አንድ ቀን ወስዷል።
ከደፉ ሥር ያገኘሁት አንዱ ግን የኔ አልነበረም፤
ቀይ፣ የልጅ ካፖርት፣ ክሩ ከነቋጠሮው።
ለብቻው አስቀመጥኩት። መሳቢያ የለውም።

የኢንሹራንሱ ሰው፣ ፌርሊንደን፣ መጣ ፎርሙን ዘርግቶ፤
«እሳት ይሉታል? ጎርፍ? ስርቆት? ሁከት?» አለ ብዕሩን አንስቶ።
ያን ቅዳሜ የሚያህል ሳጥን ከወረቀቱ ላይ ጠፋ፤
«ሌላ» የምትል ጠባብ ቦታ አገኘን፤ እዚያም ላይ ቀለሙ ተደፋ።
ገንዘቡ ይመጣል ይላሉ። ኪራዩ ግን አይጠብቅም፤
መከራ ደረሰ ብሎ የቤት ባለቤት ቀን አይለውጥም።

ቱሪስቱ ቀረ። ዮስት ቸኮሌት ቤቱን በሳምንት ሦስት ቀን ይከፍታል፤
ሁለት ሠራተኛ አሰናብቶ፣ ሦስተኛዋ ፊት ቆሞ ያለቅሳል።
አበባ ሻጯ ብቻ ሸጠች፣ ወር ሙሉ፣ ነጭ ነጩን፤
በኋላ ባተረፈችው አፍራ፣ ለወንድሟ ተወችለት ሱቁን።
ከተማው ያን ሰሞን «ቁልፍ፣ ቁልፍ» አለ፤ የኔን ዓይነት ግን አይደለም፤
በር የሚዘጋውን እንጂ፣ ደረት የሚገጥመውን የጠየቀኝ የለም።

አደባባዩ ላይ የሲሚንቶ ብሎክ ደረደሩ፣ መኪና እንዳይገባ፤
ልጆች ዘለሉበት፣ አሮጊቶች ዐረፉበት፣ ቆይቶ ተተከለበት አበባ።
ማክሰኞ ማታ፣ በትምህርት ቤቱ ጂም፣ ደም ማቆም ተማርን፤
ከሥጋ ሻጩ፣ ከቄሱ፣ ከጠበቃዋ ጋር ምንጣፍ ላይ ተንበረከክን።
«ከቁስሉ በላይ፣ አጥብቃችሁ፤ ሰዓቱንም ጻፉበት» ትላለች ነርስ ኢልዘ።
የኔን አሻንጉሊት እግር ነካ አድርጋ፣ «ማሰር ታውቃለህ፤ ልብስ ሰፊ ነህ?»
ቁልፍ ሻጭ ነኝ አልኩ።
ሳስር ያልራደው እጄ፣ ስፈታ ራደ፤ ኪሴ ከተትኩ።

ሐኪሙ ጆሮዬን አየ። «ከፍንዳታው ነው፤ ጩኸቱ ላይተውህ ይችላል» አለ።
በእኛ አገር፣ ጆሮ ሲጮህ፣ ስምህን የሚያነሳ ሰው አለ፤
ቀኙ ከሆነ በደግ፣ ግራው ከሆነ በክፉ ይባላል፤
የኔ ሁለቱም ነው፣ ሌት ተቀን። ማን ነው ስሜን ይዞ የሚያድር? ምን ይላል?
ወይስ ባለ ቀዩ ቁልፍ ነው?
ካለ። ይቅርታ፤ በሕይወት ካለ።

እንቅልፉን በኪኒን አገኘሁት። የበሩን ቃጭል ግን
ከጆሮዬ ጩኸት መለየት አቃተኝ፤
«ቅጭል» ሲል ቀና እላለሁ፤ በሩ ባዶ ነው። ሃምሳ ጊዜ ሸወደኝ።
ስለዚህ ቀና ማለት ተውኩ።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ ሳይረኑ ለሙከራ ጮኸ፤ እርግቦቹ እንኳ ለምደውታል።
ጎንበስ ብዬ ዛጎሉን ከቀንዱ እለያለሁ፤ ጆሮዬ «ቅጭል» ይላል።
ይበል አልኩ።
ደግሞ «ቅጭል»።
ይበል።

ከዚያ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። የራሰ ሱፍ ሸተተኝ።
ቀና ብል፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላው ወለሉ ላይ የሚንጠባጠብ፣ ቆሞ ያየኛል።
«ቆየሁ» አለ፤ «ሰው ማስደንገጥ አልወድም፣ ከዚያ ወዲህ።
ዚፕ ይኖርሃል?»

በሃያ ዓመት ዚፕ ሸጬ አላውቅም።
«ስንት ሴንቲ ሜትር?» አልኩት።